ለሰርቨር ክፍል ስፕሪንክለር ይሻላል ወይስ ጋዝ?

ሰናይት_አይቲ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመሥሪያ ቤታችንን ሰርቨር ክፍል የምከታተለው እኔ ነኝ። አሁን ያለን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የእጅ ማጥፊያ ብቻ ነው። ሌሊት እሳት ቢነሳ ማን ደርሶ ይጠቀምበታል? አለቆቼ ስፕሪንክለር (ከኮርኒስ ውሃ የሚረጨው) ይገጠም ይላሉ። እኔ ግን ትንሽ ጭስ በታየ ቁጥር ሁሉም ባንዴ ተከፍቶ ማሽኖቹን እንዳያበላሽብኝ ፈራሁ። ጋዝ የሚባለውስ እንዴት ነው የሚሠራው?

ቧንቧና_ቫልቭ፦
እህቴ፣ እነዚህን ነገሮች መግጠምና መፈተሽ እንጀራዬ ነው፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

የጭሱን ስጋት ተይው። ስፕሪንክለር የሚያውቀው ሙቀት ነው። ጫፉ ላይ ከእርሳስ የቀጠነች የብርጭቆ ቱቦ አለች፣ ውስጧ ባለቀለም ፈሳሽ ነው። ጠጋ ብለሽ ብታያት አንዲት ትንሽ የአየር አረፋ ታገኛለሽ። ሙቀት ሲመጣ ፈሳሹ ያብጣል፣ አረፋዋ ትጠፋለች፣ ከዚያ ብርጭቆው ይፈነዳና ውሃውን የያዘው ክዳን ይወድቃል። ቀዩ በ68፣ ቢጫው በ79፣ አረንጓዴው በ93 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሰበራል። እያንዳንዱ ለየብቻው ነው የሚከፈተው፤ ሁሉም ባንዴ ሲዘንብ የምታዪው ፊልም ላይ ነው። በእርግጥ ባንዴ የሚያዘንብ ዓይነትም አለ፣ ዴሉጅ ይባላል። የሱ ኖዝሎች (ውሃ የሚረጩት ጫፎች) ድሮም ክፍት ናቸው፤ ውሃውን የሚይዘው ዋናው ቫልቭ ነው። የአውሮፕላን ሃንጋርና ትልልቅ ትራንስፎርመሮች ላይ ይገጠማል።

ለናንተ ውሃ ከሆነ ፕሪአክሽን የሚባለውን የስፕሪንክለር ዓይነት ጠይቂ። ቧንቧው ደረቅ ነው። ዲቴክተሩ (የእሳት ምልክት የሚለየው መሣሪያ) እሳት ሲያገኝ ውሃ ወደ ቧንቧው ይገባል፣ ብርጭቆው ካልተሰበረ ግን አይፈስም። አንድ ሠራተኛ በመሰላል ገጭቶ ቢሰብረው እንኳ ማሽን አይርስም።

ጋዙ ሁለት ወገን ነው። አንደኛው ኤፍኤም 200 የሚባለው ነው፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ ይለቀቅና በዋናነት የነበልባሉን ሙቀት መጦ ያጠፋል። ሌላው ኢነርጅን የናይትሮጅን፣ የአርጎንና የጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ድብልቅ ነው፤ ኦክስጅኑን ከ21 በመቶ ወደ 12 ወይም 13 ገደማ ያወርደዋል። ሲሊንደሮቹ ግን ብዙ ቦታ ይይዛሉ።

አሁን አንጀቴን የሚያሳርረኝን ልንገርሽ። ሰው ገንዘቡን ሲሊንደር ላይ ይጨርስና ክፍሉን ይረሳዋል። ጋዙ እሳቱን ካጠፋ በኋላ የጋለው ዕቃ እስኪበርድ እዚያው መቆየት አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው 10 ደቂቃ ነው። አለዚያ እሳቱ እንደገና ይነሳል። ከኮርኒስ በላይ ስወጣ የማገኘው ግን ሁሌ አንድ ነው፦ ኬብል ጎታቾች ግድግዳውን በስተው፣ ክንድ የሚያስገባ ቀዳዳ ትተው ሄደዋል። ሦስት ኬብል አልፎበታል፣ የቀረው ባዶ ነው። ኤፍኤም 200 ከአየር ይከብዳል። ስለዚህ በላይኛው ቀዳዳ አየር ይገባል፣ በበሩ ስር ጋዙ ሾልኮ ይወጣል። በር ላይ ማራገቢያ ገጥመው ክፍሉ ምን ያህል እንደሚያፈስ የሚለኩበት ፈተና አለ፤ ሳትገዢ አስደርጊው። ኬብል በተጨመረ ቁጥርም ይደገም። ጋዙ ሲለቀቅ ኤሲውና አየር ማስገቢያው አብረው እንዲዘጉም አስደርጊ።

ትልቁ_ማንኪያ፦
የሆቴል ወጥ ቤት ነው የምመራው፣ ከኛ በኩል አንድ ነገር ልጨምር። የሚነድ ዘይት ላይ ውሃ በጭራሽ! ውሃው ወዲያው ወደ እንፋሎት ተቀይሮ በብዙ መቶ እጥፍ ይሰፋና ዘይቱን እያነደደ ይበትነዋል። የኛ ማጥፊያ ጭስ መሳቢያው ውስጥ ነው ያለው። የሚረጨው ኬሚካል ከጋለው ዘይት ጋር ተዋህዶ ሳሙና መሰል አረፋ ይሠራል፣ ላዩን ይሸፍነዋል። የምድጃውንም ጋዝ አብሮ ይቆርጣል።

ሰናይት_አይቲ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለ ቀዳዳው የነገረኝ ሰው አልነበረም። ጋዙ ሲለቀቅ ውስጥ ሰው ቢኖርስ?

ቧንቧና_ቫልቭ፦
ኤፍኤም 200ም ሆነ ኢነርጅን ሰው ለሚገባበት ክፍል ተብለው የተሠሩ ናቸው፣ መጠኑ በትክክል ከተሰላ። ቢሆንም ማንም መቆየት የለበትም። አላርሙ ቀድሞ ይጮሃል፣ አብዛኛውን ጊዜ 30 ሰከንድ ገደማ ይሰጣል። በሩ አጠገብ መልቀቂያውን የሚያዘገይ ቁልፍ አለ፤ ሠራተኞችሽ የት እንዳለ ይወቁ።

ንጹሕ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ሌላ ነገር ነው። የመርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ በ34 በመቶና ከዚያ በላይ ይለቁታል፤ በዚያ መጠን ሰው ይገድላል። ርካሽ ነው ብሎ የሚያቀርብልሽ ካለ እንዳትቀበዪ። በሩም ወደ ውጭ የሚከፈትና ራሱ የሚዘጋ ይሁን።