ለንደን ወይስ ናይሮቢ? ለድጋፍ ሰጪ ድርጅት ባለሙያዎች ስለተዘጋጀ የውጭ አገር የልምድ ልውውጥ ጉዞ

የጦሳ ሥር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምሠራው ደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ ነው። ከውጭ ለጋሾች የምናገኘውን ገንዘብ በትንንሽ ድጋፍ መልክ ለሴቶች የቁጠባ ማኅበራት፣ ለአካል ጉዳተኞች ማኅበራትና ለወጣቶች የሥራ ቡድኖች እናከፋፍላለን፤ ተጠቃሚዎቻችን በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በኩታበር፣ በተሁለደሬና በቃሉ ይገኛሉ። በቅርቡ ከለጋሾቻችን አንዱ በድጋፍ አሰጣጥ ሥራ ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎችን ወደ ለንደን ወስዶ ትላልቅ ፋውንዴሽኖችን የሚያስጎበኝ የልምድ ልውውጥ ጉዞ አዘጋጅቶ፣ ከእኛም አንድ ሰው እንድንልክ ጋብዞናል። ወጪው የሚሸፈነው ከያዝነው የፕሮጀክት በጀት ስለሆነ፣ ከፈለግን በዚያው ገንዘብ ሁለት ሰዎችን ወደ ናይሮቢ መላክ እንደምንችልም ነግሮናል።

ቦርዱ ሐሳብ እንዳቀርብ ያዘዘኝ እኔን ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ይህ ነው፦ ከገጠር የሚመጡ ማኅበራት አብዛኞቹ የድጋፍ ማመልከቻችንን በራሳቸው መሙላት ስለማይችሉ፣ ከተማ ወርደው ፕሮፖዛል ለሚጽፍ ሰው ከፍለው ያስጽፋሉ። ስለዚህ ገምጋሚዎቻችን ነጥብ የሚሰጡት ለማኅበሩ ሥራ ይሁን ለጸሐፊው ብዕር መለየት አስቸጋሪ ሆኗል። ከሁለቱ ጉዞዎች ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚገኝበት የትኛው ነው? የጉዞው ወጪስ ሕጉ አስተዳደራዊ ወጪ ከሚለው ውስጥ ይገባል ወይ? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ቦርከና

የተከበሩ ጠያቂ፣ ቀደም ሲል ከምሠራበት ድርጅት ተልኬ ለንደን የሄድኩበት ተመሳሳይ ጉዞ ስለነበር ያየሁትን ላካፍልዎ።

በመጀመሪያ፣ የሚጎበኙት ተቋም ገንዘቡን ከየት እንደሚያገኝ አስቀድመው ይወቁ። ለምሳሌ ዌልካም ትረስት እ.ኤ.አ. በ1936 በሰር ሄንሪ ዌልካም ኑዛዜ የተቋቋመ ሲሆን፣ ድጋፍ የሚሰጠው በኢንቨስትመንት ከሚያንቀሳቅሰው የራሱ ሀብት ነው። እንዲህ ያለ ፋውንዴሽን ነገ ተነሥቶ የሪፖርት ቅጹን በግማሽ ላሳጥር ቢል የሚከለክለው ለጋሽ የለበትም። የእርስዎ ድርጅት ግን የሌላውን ገንዘብ ተቀብሎ የሚያከፋፍል በመሆኑ፣ ከላይ የመጣበትን ግዴታ ወደ ታች ማስተላለፉ አይቀርም። ስለዚህ በትላልቆቹ አዳራሾች የሚሰሙት ገለጻ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከተመለሱ በኋላ ሥራ ላይ ሊያውሉት የሚችሉት ጥቂቱን ብቻ ይሆናል። ለእርስዎ ሥራ የሚቀርቡት በየአካባቢው ያሉት የማኅበረሰብ ፋውንዴሽኖች ናቸው። የዚህ ዓይነቱ ተቋም የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ የተመሠረተው ሲሆን፣ ዛሬ በእንግሊዝም በየአውራጃው ይገኛሉ፤ ከብዙ ለጋሾች የተቀበሉትን ለትንንሽ የአካባቢ ቡድኖች ያከፋፍላሉ። አዘጋጁ በፕሮግራሙ ላይ አንዱን እንዲያስገባልዎ አጥብቀው ይጠይቁ።

ሁለተኛው ምክሬ፣ ገለጻ ከመስማት ይልቅ ውሳኔ ሲሰጥ ለማየት እንዲፈቀድልዎ መጠየቅ ነው። ከጉዞዬ ሁሉ የጠቀመኝ በአንድ አነስተኛ ፋውንዴሽን የግምገማ ስብሰባ ላይ በታዛቢነት የተቀመጥኩበት ከሰዓት በኋላ ነበር። ገምጋሚዎቹ ነጥባቸውን አስቀድመው ለየብቻ ስለላኩ፣ ጠረጴዛው ላይ የቀረበው ሰፊ የነጥብ ልዩነት የታየባቸው ማመልከቻዎች ብቻ ነበር። አንደኛዋ ገምጋሚ የአመልካቹ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ጎረቤቷ መሆኑን ስትናገር ሰብሳቢው ከክፍሉ እንድትወጣ ጠየቋት፤ የወጣችበትና የተመለሰችበት ሰዓትም በቃለ ጉባኤው ላይ ተመዘገበ። የጥቅም ግጭት ፖሊሲ በሁላችንም ቢሮ ተጽፎ ተቀምጧል፤ እንዲህ በተግባር ሲፈጸም ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው። በተጨማሪም ድጋፍ ለተከለከሉት የሚጻፈውን ደብዳቤ እንዲያሳዩኝ ጠይቄ ነበር። ለምን እንዳላለፉ በሁለት አንቀጽ ግልጽ አድርጎ የሚናገርና ማብራሪያ ቢፈልጉ የሚያነጋግሩትን ሰው የሚጠቁም ደብዳቤ ነው። እኛ ዘንድ ያላለፈ አመልካች ብዙ ጊዜ መልስ እንኳ አያገኝም።

ስለ ማመልከቻው ችግር ደግሞ ከእንግሊዝ ብሔራዊ ሎተሪ በሚገኝ ገንዘብ ድጋፍ የሚሰጠውን የናሽናል ሎተሪ ኮሚዩኒቲ ፈንድ አሠራር ይመልከቱ። ከ300 እስከ 20,000 ፓውንድ ለሚደርስ አነስተኛ ድጋፍ የሚያቀርበው ማመልከቻ ለትልልቅ ፕሮጀክቶች ከሚቀርበው የቀለለ ነው። ስሪሲክስቲጊቪንግ የሚባለውም አሠራር ድጋፍ ሰጪዎች ለማን፣ ስንት ብርና ለምን ሥራ እንደሰጡ በአንድ ዓይነት ቅርጽ በይፋ የሚያወጡበት በመሆኑ ሊጠና የሚገባው ነው። የየቀበሌው ሰው ለማን ምን ያህል እንደተሰጠ ለጥፋችሁ ቢያነብ፣ ስለ አድልዎ የሚወራው ሐሜት ራሱ ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።

የሂሳብ ባለሙያ ከኮምቦልቻ

ስለ ወጪው የተጠየቀውን ልመልስ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአንድ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን ጣሪያው 30 በመቶ ስለነበር አዲሱ የጠበበ ይመስላል፤ ነገር ግን አዲሱ አዋጅ አስተዳደራዊ የሚለው ከፕሮጀክቱ ሥራ ጋር ያልተያያዘውንና ድርጅቱ በህልውና እንዲቆይ የሚወጣውን ወጪ ነው። የአስተዳደር ሠራተኛ ደመወዝ፣ የቢሮ ኪራይ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የባንክ አገልግሎት ክፍያና የመሳሰሉት በዚህ ይጠቃለላሉ። ስለዚህ ወሳኙ ጉዳይ ጉዞው ከፕሮጀክቱ ዓላማ ጋር ያለው ትስስር በሰነድ መታየቱ ነው። በፕሮጀክት ስምምነቱ ላይ የድጋፍ አሰጣጥ አቅም ግንባታ የሚል ተግባር ካለ ጉዞውን በዚያ ሥር ያስይዙ፤ ከሌለ ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት ለጋሹ የበጀት ማሻሻያውን በደብዳቤ ያጽድቅላችሁ። በቃል የተፈቀደ ነገር ኦዲተር ፊት አይቆምም።

ቪዛውንም ከአሁኑ ያስቡበት። ለእንግሊዝ የጎብኚ ቪዛ አሻራና ፎቶ የሚሰጠው አዲስ አበባ በአካል ተገኝቶ ሲሆን፣ ከጉዞው ሦስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ ውሳኔው አሻራ ከተሰጠ በኋላ በአብዛኛው ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ የመመላለሻውና የማደሪያው ወጪ ከበጀቱ ላይ እንዳይረሳ። የግብዣ ደብዳቤው ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በግልጽ መናገር አለበት፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤና የባንክ ሒሳብ መግለጫም ያስፈልጋል። ወደ ኬንያ ለሚሄድ ኢትዮጵያዊ ግን ቪዛ አያስፈልገውም።

የሐረጎዋ

የቦርከናን ምክር አከብራለሁ፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ለንደን ሄዶ ትንሹን ፋውንዴሽን ፈልጎ ከማየት ይልቅ፣ ችግሩ ከእኛ ጋር የሚመሳሰል ጎረቤት አገር ሄዶ በሰፊው መማር ይሻላል ባይ ነኝ። ናይሮቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው የኬንያ ማኅበረሰብ ልማት ፋውንዴሽን ማኅበረሰቦች ራሳቸው የሚያዋጡበትንና የራሳቸው የሚሉትን ቋሚ ፈንድ እንዲገነቡ ሲያግዝ የቆየ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ድጋፍ ሰጪዎችን የሚያሰባስበው መረብም መቀመጫው እዚያው ናይሮቢ ነው። ሀራምቤ የሚሉት የመዋጮ ባህላቸው ከእኛው ጋር በእጅጉ ይቀራረባል፤ ልዩነቱ እነሱ ያንን መዋጮ ከመደበኛው የድጋፍ ገንዘብ ጋር ማገናኘት መቻላቸው ላይ ነው። እኛ የጎደለን ይህ ነው።

ይህን የምለው ከሜዳ አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ 2014 በነበሩበት ሁኔታ፣ በእኛ ሰፈር ባንክም ቢሮም ሳይኖር እህል ያለው ለሌለው እንዲያካፍል ያደረጉት የቅሬ (በእኛ አካባቢ የዕድር መጠሪያ ነው) ሰዎች ነበሩ። ማን የታመመ፣ ማን አራስ፣ ማን ከራያና ከቆቦ ተፈናቅሎ ዘመድ ቤት የተጠጋ እንደሆነ የሚያውቀው ቅሬው ነው፤ የቅሬው ዳኛም ለማን እንደደረሰ በደብተሩ ይዞታል። ኋላ ከተማው ሲረጋጋ ድጋፍ ይዘው የመጡት ድርጅቶች አዲስ ቅጽ አዘጋጅተው፣ አዲስ ኮሚቴ አስመርጠው ነው ሥራ የጀመሩት። ደብተሩን አሳዩን ያለ ሰው እኔ አላየሁም። ለጋሽ አገራትና ትልልቅ ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ2016 ኢስታንቡል ላይ ከሰብዓዊ ዕርዳታው 25 በመቶውን እስከ 2020 ድረስ በተቻለ መጠን በቀጥታ ለአገር ውስጥና ለአካባቢ ተቋማት ለማድረስ ቃል ገብተው ነበር፤ ቃሉ አልተፈጸመም። እናንተ ደሴ ያላችሁት ግን ከዚያ ቃል የድርሻችሁን ለመፈጸም ኢስታንቡልን መጠበቅ የለባችሁም።

ስለዚህ ሁለቱን ሰዎች ወደ ናይሮቢ ላኩ። አንደኛው ቢሮ ሆኖ የሚገመግም ሳይሆን ኩታበርና ቃሉ ድረስ እየወረደ ማኅበራቱን የሚያገኝ የመስክ ሠራተኛ ይሁን፤ ሁለተኛው ደግሞ ድጋፍ ከወሰዱት ማኅበራት ውስጥ የተመረጠች አንዲት ሊቀመንበር ብትሆን ደስ ይለኛል። ማመልከቻው የት ላይ እንደሚከብድ ከእርሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ እዚያም ሄዳ አመልካቾችን ስታነጋግር ባለሙያ የማያነሣውን ጥያቄ ታነሣለች።

የጦሳ ሥር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሐረጎዋ ሐሳብ አሳምኖኛል፤ ለቦርዱ የማቀርበውም ናይሮቢን ነው፤ የመስክ ሠራተኛችንና ከሴቶች የቁጠባ ማኅበራት አንዷ ሊቀመንበር አብረው እንዲሄዱ። እንደ ሂሳብ ባለሙያው ምክር የበጀት ማሻሻያውን ደብዳቤ በዚህ ሳምንት ለጋሹ ዘንድ እናስገባለን። የቦርከናንም ምክር አልተውኩትም፤ በናይሮቢ ፕሮግራም ላይ የግምገማ ስብሰባ መታዘብ፣ ድጋፍ የተከለከሉ ማኅበራትን ማነጋገርና ማመልከቻ በቃል የሚቀበሉ ካሉ አሠራራቸውን ማየት እንዲካተት በጽሑፍ እጠይቃለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፦ ስብሰባውን እንዲታዘቡ የተፈቀደልዎ እንዴት ነበር? አዘጋጆች ምስጢር ነው ብለው እንዳይከለክሉን እሰጋለሁ።

ቦርከና

ውሳኔዎ መልካም ነው፤ የማኅበሯ ሊቀመንበር መሄዷን እኔም እደግፋለሁ። ስብሰባውን በተመለከተ፣ አዘጋጁ ብዙ ጊዜ በራሱ መፍቀድ ስለማይችል ጥያቄው ለአስተናጋጁ ፋውንዴሽን የድጋፍ ክፍል ኃላፊ እንዲተላለፍ ያድርጉ። በደብዳቤው ላይ ሁለቱም ታዛቢዎች የምስጢር ጥበቃ ቅጽ እንደሚፈርሙ፣ የአመልካቾችን ስም እንደማይመዘግቡና በውይይቱ እንደማይሳተፉ ይግለጹ፤ እኔ የተፈቀደልኝ በዚህ ሁኔታ ነው። ገምጋሚዎች የሚሰበሰቡት በየሳምንቱ ስላልሆነ የስብሰባውን ቀን አስቀድመው ጠይቀው የበረራውን ቀን በዚያ መሠረት ይወስኑ። ሊቀመንበሯ እንግሊዝኛ የማትችል ከሆነች ደግሞ የአስተርጓሚ ክፍያ በአሁኑ የበጀት ማሻሻያ ላይ ይግባ፤ ከጸደቀ በኋላ ማስገባቱ ሌላ ደብዳቤ ይጠይቃል።