«ተሰጥቶ»፣ «ከሆነ» ወይስ «መሆኑ ከታወቀ»?

የከዚራ መምህርት፦
መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ፕ(ሀ|ለ) የሚባለውን የሁኔታዊ ዕድል ምልክት ለተማሪዎቼ በአማርኛ አስረዳለሁ። «ለ ተሰጥቶ፣ ሀ የመሆን ዕድሉ» ብዬ ሳነብ አንዱ ተማሪ «ማን ሰጠው?» አለኝ። ወደ ድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ ወሰድኋቸው፤ የ1998ቱን የሌሊት ጎርፍ ከወላጆቻቸው ሰምተዋል። «ደንገጎ ተራራ ላይ ከዘነበ ደቻቱ የመሙላት ዕድሉ ስንት ነው?» ስላቸው ገባቸው። ታዲያ በሀ እና በለ መካከል ያለችውን ቀጥ ያለች መስመር ምን ብዬ ላንብባት?

ጀጎል፦
እህቴ፣ «ተሰጥቶ»ን ተዪው፤ በአማርኛ ሰጪና ተቀባይ ይፈልጋል። «ከሆነ» በይ። ሥሩም ያግዝሻል፤ ሀም ለም በዕድል ስሌት «ኩነት» ይባላሉ፣ ከግዕዙ «ኮነ»። «ሁኔታ» ደግሞ ከአማርኛው «ሆነ»። አንድ ግሥ ነው። ኩነኔም ከዚሁ የወጣ ነው፤ በሆነው ነገር ላይ መፍረድ ማለት ነውና።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
ወንድሜ፣ ኩነኔን ከዚህ አውጣ! «ኮነ፣ ይከውን» (ሆነ) አንድ ነገር ነው፤ «ኰነነ፣ ይኴንን» (ፈረደ) ሌላ ነው። በጸሎተ ሃይማኖት የምንደግመው «ይኰንን» ነኑ ድርብ ነው፣ ፊደሉም ኰ ነው። ቅኔ ቤት ይህን ያምታታ ተማሪ ርባ ግሡን፣ የግሥ እርባታውን ማለት ነው፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ጀጎል፦
ድርብነቱን እቀበላለሁ፤ ዝምድናውን ግን አልተውም።

የመጋላ ሒሳብ አዋቂ፦
ችግሩ ሥሩ ላይ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አማርኛ ሁኔታውን ያስቀድማል፣ «ከዘነበ ይሞላል» ይላል። ምልክቱ ግን ሁኔታውን ከመስመሯ በስተቀኝ ያስከትላል። ተማሪ የሚገለብጠው ለዚህ ነው። 30 ቀናት እንውሰድ፤ ደንገጎ 10 ቀን ዘነበ፣ ደቻቱ 4 ቀን ሞላ እንበል፤ አራቱም ዝናብ የነበረባቸው ቀናት ናቸው። ፕ(ሙላት|ዝናብ) 4 ለ10 ሲካፈል 0.4 ነው። ፕ(ዝናብ|ሙላት) ግን 4 ለ4 ሲካፈል 1 ነው። ጎርፉን ያየ ሰው ስለ ዝናቡ አይጠራጠርም፤ ዝናቡን ያየ ግን ስለ ጎርፉ ገና ይጠራጠራል። መስመሯ 30ውን ቀን ትታ ወደ 10ሩ ብቻ ታስገባናለች። ስለዚህ የ«ከሆነ» «ከ» እና የ«ከ10ሩ አራቱ» «ከ» አንድ ናቸው ባይ ነኝ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦
በግዕዝ ግን ሁለት ናቸው፤ ለሁኔታው (ከሆነ ለሚለው) «እመ»፣ ለመነሻው (ከዚህ፣ ከዚያ ለሚለው) «እምነ»።

ጀጎል፦
«እመ» እና «እምነ»! ራስህ አቀራረብሃቸው እኮ!

የቅኔ ቤት ልጅ፦
መልክ ዝምድና አይደለም። «እምነ» ስም ላይ ይገባል፣ «እመ» ግሥ ላይ። አማርኛው «ከ» ሁለቱንም ቦታ ያዘ እንጂ ሁለቱን አንድ አላደረገም። ደግሞም «ከሆነ» መሆን አለመሆኑን ክፍት ይተዋል፤ «መሆኑ ከታወቀ» ግን ነገሩን አውቀን የተነሣን ያስመስላል። ደንገጎ መዝነቡን በዓይኑ ያየና «ቢዘንብ» ብሎ የሚያስብ እኩል አይናገሩም።

የመጋላ ሒሳብ አዋቂ፦
ለስሌቱ ግን እኩል ናቸው። ያየውም ያሰበውም የሚያካፍሉት ለ10 ነው።

የከዚራ መምህርት፦
ነገ ሰሌዳው ላይ 30ውን ቀን በነጥብ ሠርቼ 10ሩን በክብ እከብባለሁ። መስመሯን ምን ብዬ እንደማነብ ግን አሁንም ንገሩኝ፤ ክፍሌ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።