ማሽን የማስቆም ሥልጣን ከማን ይገኛል?

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ነኝ። ዘንድሮ በዚሁ ላይ የወርክሾፖችንና የሥነ ጥበብ ስቱዲዮዎችን ደኅንነት እንድከታተል ደብዳቤ ደረሰኝ። ደብዳቤው ኃላፊነት ሰጠኝ እንጂ ሥልጣን አልሰጠኝም።

የኬሚካሉ ነገር አላስቸገረኝም። ናይትሪክና አሴቲክ አሲድ «ሁለቱም አሲድ ናቸው» ተብለው አንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ቢደባለቁ እሳት ወይም ፍንዳታ ሊያስነሱ ስለሚችሉ ለየኋቸው። በስቱዲዮውም በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ በራሱ ጊዜ ሊቀጣጠል ስለሚችል ተጠቅልሎ እንዳይጣል ክዳን ያለው የብረት በርሜል አስገባሁ።

የቸገረኝ ቶርኖ ቤቱ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን ያለበት ክፍል ነው። የመመረቂያ ሥራ ሲደርስ ተማሪዎች ሌሊት ብቻቸውን፣ አንዳንዶቹም ነጠላቸውን እንዳጣፉ ማሽኑ ላይ ይቆማሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካው የዬል ዩኒቨርሲቲ ሌሊት ብቻዋን ትሠራ የነበረች ተማሪ ፀጉሯ በቶርኖ ተይዞ ሕይወቷ አልፏል። ይህን ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ብነግራቸው «አንተ የኬሚስትሪ ሰው ነህ» ብለው አሰናበቱኝ። ቁልፉም ከእርሳቸው ጋር ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አገላበጥኩ፤ ስሙ እንደሚለው ስለ አሠሪና ሠራተኛ ነው፣ ተማሪን የት ላስገባው?

በዚህ ሥራ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፦ ተጠሪነታችሁ ለፕሬዚዳንቱ ነው ወይስ ለአካዳሚክ ምክትሉ? ማሽን የማስቆም ሥልጣንስ በሴኔት ውሳኔ ነው ያገኛችሁት? የጸደቀ የውስጥ መመሪያ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ውለታችሁን አልረሳም።