ጥቆማ፦ ለሩጫ ቁምጣ አዲስ ልግዛ፣ ሰልባጅ ልፈልግ ወይስ ላሰፋ? (ደብረ ማርቆስና ባህር ዳር)

ጥያቄ፦ በሳምንት አራት ቀን ሩጫ፣ ረጅሙ 18 ኪሎ ሜትር። ከ10 ኪሎ ሜትር በኋላ ቁምጣው ጭን ይልጣል። ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው፤ ባህር ዳርም እመላለሳለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አሁን የምትለብሰውን ጨርቅ እይ። ጥጥ ከሆነ ጥፋቱ እሱ ጋ ነው። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም፤ እርጥቡ ጨርቅ ቆዳ ላይ ሲመላለስ ይልጣል። አረንጓዴው የጎጃም ገበሬ ቁምጣ ለእርሻ ወደር የለውም፤ ለረጅም ሩጫ ግን ውፍረቱ ራሱ ይጎዳሃል። ስስ ፖሊስተር ወይም ናይለን ፈልግ። ምልክቱ ተቆርጦ ጨርቁን መለየት ካቃተህ፣ ሻጩን አስፈቅደህ ከውስጥ ጫፉ አንድ ክር ምዘዝና ክብሪት አስነካው። ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ከሠራ ሰው ሠራሽ ነው፤ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው። የምትመዘው ከጨርቁ ይሁን፤ የጥጥ ልብስም በፖሊስተር ክር ስለሚሰፋ የስፌቱ ክር ያሳስትሃል።

ርዝመቱን እግሮቹ ከሚገናኙበት ስፌት እስከ ታችኛው ጫፍ ለካ። 3 ኢንች ለትራክና ለውድድር ነው። 5 ኢንች፣ ማለትም 13 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ለአብዛኛው ሰው ይስማማል። ጭኑ ሞላ ላለ ሰው 7 ኢንች፣ ወይም ከውስጡ ታይት የተሰፋበት ይሻላል፤ አጭሩ እየሮጥክ ወደ ላይ ይሰበሰብና ጭን ከጭን ይፋተጋል።

መልስ፦ እኔ ሰልባጅ እላለሁ። ባህር ዳር ቅዳሜ ገበያ በጠዋት ግባ። ትልልቅ ስም የተለጠፈባቸው አዳዲስ ኮፒዎች ብዙዎቹ ጨርቃቸው ወፍራም ነው፣ የውስጥ ስፌታቸውም ጎርበጥ ይላል። ጣትህን ውስጥ አስገብተህ ስፌቱን ዳብሰው፤ ጣትህን ከቆረቆረው 18 ኪሎ ሜትር ላይ ጭንህን ይልጠዋል። ቀጥሎ የወገቡን ላስቲክ ጆሮህ ሥር አድርገህ ሳበው። ጭርጭር ካለ ላስቲኩ ደርቆ ተሰባብሯል። ዋጋ አስቀንስበት እንጂ አትተወው፣ ላስቲክ ይቀየራል። የማይጠገነው መቀመጫው ላይ የሳሳ ጨርቅና የላላ የውስጥ መረብ ነው። ወደ ፀሐይ አንሥተህ እይ፤ መቀመጫው ላይ ብርሃን ከሌላው ይልቅ ካሳለፈ መልሰው። ከዚያ ሱሪህ ላይ ደርበህም ቢሆን ወገብህ ላይ ለካውና ጉልበትህን እስከ ወገብህ አንሣ፤ ጨርቁ ጭንህን ከያዘህ አይሆንም።

መልስ፦ ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ ግን «አይሆንም» ያልከውንም ልብስ ሰፊ ያስተካክለዋል። የጎኑን ስፌት ከታች 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይፍታውና ጫፎቹን አጥፎ ይስፋ። የተሰነጠቀው ጫፍ ላይ ደጋግሞ እንዲያጠብቀው ንገሩት፣ አለዚያ በሳምንቱ ወደ ላይ ይቀደዳል።

ላስቲክ ስታስቀይሩ 3 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ይሁን፤ ርዝመቱ ከወገብ ልክ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ይነስ። ጫፍና ጫፉ 2 ሳንቲ ሜትር ተደራርቦ በዚግዛግ ይሰፋል፤ በቀጥታ ስፌት ከሆነ ሲለጠጥ ክሩ ይበጠሳል። ላስቲኩ የሚገባበት ቦታ በጣም ከሰፋ ውስጥ ይጠማዘዝና ወገብ ይቆርጣል። መድኃኒቱ ግራና ቀኝ፣ የጎን ስፌቱ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች አንዳንድ መስመር ማሰፋት ነው። ማሰሪያ ገመዱን አታስወጡት፤ ቁልፍ ኪስ ውስጥ ሲገባ ቁምጣው የሚንሸራተተው እሱ ሲጠፋ ነው።

ሙሉ ቁምጣ አዲስ ማሰፋት ግን አልመክርም። ለሩጫ የሚሆነውን ስስ ጨርቅ በሜትር ማግኘት ከባድ ነው፤ ሰፊው በቴትሮን ይሠራላችኋል፣ እሱ ደግሞ አይለጠጥም።

መልስ፦ እህቶች ስትገዙ በወገብ ብቻ አትለኩ፣ የዳሌ ልክ ይቅደም። ወገቡ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ላስቲክ ያለው ይመረጣል፤ ቀጭኑ ሆድ ላይ ይታጠፋል።

መልስ፦ ስለ አጠባብ ልጨምር። በቀዝቃዛ ውኃና በጥቂት ሳሙና፣ በሮጣችሁበት ዕለት እጠቡት፤ ላቡ ከደረቀበት ጨርቁ ይሻክራል። በረኪና ላስቲኩን ይበላል፣ ካውያም እንዲሁ። ጥላ ላይ ይሰጣ። ክረምት እንጅባራ አካባቢ ለምትሮጡ ሁለት ቁምጣ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ቀን ይደርሳል። ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ስትወጡ ጭን መካከልና ስፌቱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀደም ብላችሁ ቫዝሊን ተቀቡ።