ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ይበቃል፤ የቱን ላስቀድም?

ሰላም ለሁላችሁ። አነስተኛ የልብስ ስፌት ድርጅት አለኝ። ሥራው እያደገ ነው፣ ትዕዛዝም ሞልቷል። ያጠራቀምኩት ገንዘብ ግን ከሦስት ነገሮች ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። የቁልፍ ቀዳዳ መስፊያ ማሽን ልግዛ፣ ሰው ልቅጠር ወይስ ማስታወቂያ ላሠራ?

ማስታወቂያውን ለጊዜው ትቼዋለሁ። ያለውን ትዕዛዝ በጊዜው ሳላደርስ ሌላ ደንበኛ መጥራት ትክክል አይመስለኝም። ሥራው የሚቆለለው ቁልፍ ቀዳዳው ላይ ነው። ስፌቱ ቶሎ ያልቃል፣ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ ተጨማሪ ሰፊ ብቀጥር ክምሩን ከማብዛት በቀር አይፈይድም። እስከዚህ ድረስ ማሽኑ ያሸንፋል።

የጨነቀኝ ሌላ ነው። ጨርቅ የምገዛው እጅ በእጅ እየከፈልኩ ነው፤ ትልልቆቹ ደንበኞቼ ግን የሚከፍሉኝ ዕቃውን ከተረከቡ ከ30 እስከ 60 ቀን ቆይተው ነው። ማሽኑ ሥራውን ካፈጠነው ጨርቅም በብዛት መግዛት ሊኖርብኝ ነው። በምን ገንዘብ? በወረቀት ላይ አትራፊ ሆኜ ለደመወዝ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ላጣ እችላለሁ። ሠራተኞቼን ደግሞ ማሳዘን በፍጹም አልፈልግም።

በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ማሽኑን በኪራይ መጀመር ያዋጣል? ቅድመ ክፍያ ስትጠይቁ ደንበኞቻችሁ እንዴት ተቀበሉት? ለመጠባበቂያስ የስንት ወር ወጪ ትይዛላችሁ?