ኅዳር ማለቂያ ላይ ባሕር ዳር ቢራቢሮ የት ይገኛል?

ማሂ የጣና ዳር

ሰላም እንዴት ናችሁ። የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ሦስተኛ ክፍል ገብታለች። የቢራቢሮን እድገት ከተማረች ጀምሮ ሌላ ወሬ የላትም፤ እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬ፣ ቢራቢሮ እያለች በጣቷ ትቆጥርልኛለች። መስከረም ላይ ብወስዳት ኖሮ ምንም ችግር አልነበረም፣ አደይ አበባው ላይም፣ ወደ ቤዛዊት ሲወጣ መንገዱ ዳር ዳርም ቢራቢሮ ሞልቶ ነበር። እኔ ግን ሥራ በዝቶብኝ "የሚቀጥለው ሳምንት፣ የሚቀጥለው ሳምንት" ስላት ከረምኩ።

ባለፈው ቅዳሜ ወሰድኳት። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥተን የሐይቁን ዳር የእግር መንገድ ይዘን ሄድን፣ ብርድ ነበር፣ ሣሩ በጤዛ ርሷል፣ ጫማችንም ራሰ፣ ሁለት ሰዓት ያህል ዞረን ያየነው አንዲት ነጭ ቢራቢሮ ብቻ። እሷም ክንፏ ተቦጭቋል። ልጅቷ ምንም አላለችኝም። ቤት ስንገባ ግን ለመሳል ይዛው የወጣችውን ደብተር ሳትከፍተው መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አንጀቴን በላችው።

ወቅቱ አልፏል ማለት ነው? እስከ መስከረም እንጠብቅ? ወይስ አሁንም የሚታይበት ቦታ የምታውቁ አላችሁ? ቅዳሜና እሁድ ከሆነ ዘጌም ድረስ መሄድ እንችላለን።

ባለ ሎሚው ጓሮ

ማሂዬ መስከረምን ምን ያስጠብቃችኋል! ዘጌ ከመሄዳችሁም በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ጓሮው ውስጥ ሎሚ ወይም ብርቱካን ያለው ጎረቤት አላችሁ?

ሎሚ ላይ የሚያድግ ትልቅ ቢራቢሮ አለ፣ ጥቁር ሆኖ ፈዛዛ ቢጫ ነጠብጣብ የበዛበት፣ ኋለኛው ክንፉ ላይ ደግሞ ዓይን የመሰለ ቀይና ሰማያዊ ምልክት ያለው። ባሕር ዳር ያደገ ሰው ሁሉ አይቶታል። እናትየዋ እንቁላሏን ለጋ ቅጠል ላይ አንድ አንድ እያደረገች ትጥላለች፣ እንቁላሏ የስፒል ራስ ታክላለች፣ ፈዛዛ ቢጫ ናት። ውኃ የሚጠጣ ሎሚ በበጋም ለጋ ቅጠል ያወጣል፣ ስለዚህ ሜዳው ሲደርቅ እሷ ወደ ጓሮ ትመጣለች።

አሁን ልብ በይ። ትንንሾቹ እጮች ቁርጥ የወፍ ኩስ ናቸው። ቡናማ ሆነው መሐላቸው ላይ ነጭ ያለባቸው። እኔ ስንት ዓመት ኩስ ነው ብዬ አልፌያቸዋለሁ፣ አንድ ቀን ቅጠሉን ልጠርግ ስል ኩሱ ተንቀሳቀሰ። ሲያድጉ ደግሞ አረንጓዴ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ልጅቷ በሣር ቀስ አድርጋ ከራሱ በስተኋላ ትንካው፣ መንታ የሆነ ብርቱካንማ ቀንድ ብቅ ያደርጋል፣ ሽታውም ይሰነፍጣል። ጠላት ማባረሪያው ነው እንጂ ሰው ላይ ጉዳት የለውም።

አንዱን ከነቅርንጫፉ ቆርጣችሁ ውኃ ያለው ጠርሙስ ውስጥ አቁሙትና በሻሽ ሸፍኑት። የጠርሙሱን አፍ በጥጥ ድፈኑት፣ አለዚያ ወርዶ ውኃው ውስጥ ይገባል። በየቀኑ ትኩስ ቅጠል ስጡት። አደራ፣ ፀረ ተባይ የተረጨ ዛፍ ቅጠል እንዳትሰጡት።

መምህሩ ከዓባይ ማዶ

እኔ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፣ ጥያቄሽን ሳየው ደስ ስላለኝ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

በመጀመሪያ ችግሩ ወቅቱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው። ቢራቢሮ እንደ እኛ የራሱን ሙቀት አያመነጭም፣ ደረቱ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ካልሞቀ እንደ ልቡ መብረር አይችልም። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ቀኑ ቢሞቅም የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል። 1 ሰዓት ተኩል ላይ እናንተ ስታልፉ ቢራቢሮዎቹ እዚያው ሣር ሥር ክንፋቸውን አጥፈው ተቀምጠው ነበር ማለት ነው። ከ4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ሂዱ። በቅድሚያ ፀሐይ የመታው ድንጋይና የግንብ አጥር ላይ ተመልከቱ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው ሲሞቁ ታገኟቸዋላችሁ። ስትጠጉ ጥላችሁ አይረፍባቸው፣ ወዲያው ይነሳሉ።

ሁለተኛው ቦታው ነው። አደይ አበባው ካለፈ በኋላ ሜዳ ላይ መፈለግ ድካም ነው፣ እርጥበቱን ተከተሉ። ጣና ከመስከረም በኋላ እየሸሸ ሲሄድ ዳሩ ላይ ጭቃ ይተዋል፣ በተለይ ከብት የሚጠጣበት ቦታ ጭቃው ሽንትና እበት የገባበት ስለሆነ ጨው አለው። ቢራቢሮዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንዶቹ፣ ይህን ጨው ለመምጠጥ ተሰብስበው ይቀመጣሉ። ትናንሽ ነጮችና ቢጫዎች ጎን ለጎን ሆነው፣ እንደ ሰዓት ሽቦ የተጠቀለለ ምላሳቸውን ዘርግተው ጭቃውን ሲመጥጡ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ማየት ይቻላል። ጭቃ ላይ ያለ ቢራቢሮ ቶሎ አይደነግጥም። አበባ ላይ መፈለግ ካሻችሁ ደግሞ አጥር ላይ ያለው የወፍ ቆሎ አሁንም አብቧል፣ ትንሽ ቆይቶም ግራዋው ያብባል።

ለልጅቷ አንድ ሥራ ልስጣት። ብርቱካንማ ሆኖ የፊት ክንፉ ጫፍ ጥቁር፣ ጥቁሩ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ቢራቢሮ ስታይ ፎቶ አንሺላትና የኋለኛው ክንፍ መሐል ላይ ስንት ጥቁር ነጥብ እንዳለ ትቁጠር። ሦስት ወይም አራት ከሆነ እውነተኛው ነው፤ እሱ እጭ ሳለ ወተት የሚያወጣ መርዛማ ተክል እየበላ ስለሚያድግ ወፍ አትደፍረውም፣ ለዚህ ነው እያዘገመ የሚበረው። አንድ ነጥብ ብቻ፣ እሷም ወደ ላይኛው ጠርዝ የተጠጋች ከሆነች ደግሞ የሌላ ዝርያ ሴት ናት። መርዝ የላትም፣ መልኩን ብቻ ወስዳ ትኖራለች። የእሷ ባል ፈጽሞ አይመስላትም፣ ጥቁር ሆኖ ዙሪያው ወይን ጠጅ የሆነ ትልልቅ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር ተማሪዎቼ አያምኑኝም ነበር፣ ውጭ አውጥቼ ሳሳያቸው ነው ያመኑት።

ያቺ ክንፏ የተቦጨቀውም አታሳዝናችሁ። ወፍ ነክሳት ያመለጠች ትሆናለች፣ ወይም እድሜዋ ገፍቷል። እንደዚያም ሆና ትበራለች፣ እንቁላልም ትጥላለች።

ከዘጌ

መምህር ያሉት ልክ ነው፣ ግን ጭቃ ዳር ስትሄዱ ጉማሬን አትርሱ። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ረጅም ሣርና ደንገል ውስጥ ከልጅ ጋር አትግቡ። ከብት የሚያጠጡ ልጆች ባሉበት ሂዱ፣ እነሱ የት ደህና እንደሆነ ያውቃሉ።

ወደኛ ከመጣችሁ ጀልባ ይዛችሁ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደውን መንገድ ውጡ። ቡናው በዛፍ ጥላ ሥር ስለሆነ በበጋም ልምላሜ አለው። ዛፉ ክፍት ብሎ ፀሐይ መሬት የሚደርስበት ቦታ ላይ ቁሙ፣ ዝም ብላችሁ ሩብ ሰዓት ቁሙ፣ እነሱ ራሳቸው ይመጣሉ።

ሌላ ደግሞ፦ የበሰበሰ ሙዝ ፍጩና ትንሽ ጠላ ወይም አተላ ጨምሩበት፣ ሁለት ቀን አቆይታችሁ ዛፍ ሥር በሳህን አስቀምጡት። አበባ የማይፈልጉ፣ የፈላ ፍራፍሬ ብቻ የሚመጥጡ ቢራቢሮዎች አሉ። አንዱ ሲመሽ ነው የሚወጣው፣ 12 ሰዓት ላይ ጠብቁት።

ማሂ የጣና ዳር

ተመለስኩ! ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ መምህር እርስዎንም በጣም አመሰግናለሁ።

ቅዳሜ በ4 ሰዓት ወጣን። ከብት የሚጠጣበት ቦታ ላይ አሥራ አንድ ቆጥራለች፣ ስምንት ነጭ፣ ሦስት ቢጫ። ብርቱካንማም አገኘን፣ አራት ነጥብ አለው፣ እውነተኛው ነው። የጎረቤታችን ሎሚ ላይ ሁለት "የወፍ ኩስ" አግኝተን አንዱን ከነቅርንጫፉ ይዘን መጥተናል።

ሙዙን እናቴ "ቤቱን በጉንዳን ልትሞሉት ነው" እያለች ዘይቱኑ ሥር አስቀመጥነው። የመጀመሪያው ማታ ምንም የለም። እሁድ ማታ ግን ፀሐይ ጥልቅ እንዳለች ሄደን ስናይ ሳህኑ ጠርዝ ላይ አንድ ደረቅ ቅጠል ወድቆበታል፣ እኔ ላነሳው እጄን ስዘረጋ "ተዪው፣ እግር አለው!" ብላ ያዘችኝ። እውነትም እግር አለው። ደም ሥሩ ሳይቀር ቅጠል የመሰለ ቡናማ ነገር፣ በኋላ ብድግ ብሎ ክንፉን ሲከፍት ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ ያላቸው ጥቁር ዓይኖች አሉት። እስኪጨልም እዚያው ተቀምጠን ደብተሯ ላይ ሳለችው።

መምህር፣ ይሄ የቅጠሉ ነገር ምንድን ነው? እጩስ ሌሊት ቤት ይደር ወይስ ውጭ?

መምህሩ ከዓባይ ማዶ

ጎበዝ ልጅ ናት! ያ ቢራቢሮ ሁለት መልክ አለው። በዝናቡ ወቅት የሚፈለፈለው ክንፉን ሲያጥፍ በሚታየው ገጽ ላይ ትንንሽ ዓይኖች ተደርድረው አሉት። በደረቁ ወቅት የሚፈለፈለው ደግሞ እነዚያ ዓይኖች ይጠፉና ደረቅ ቅጠል ይመስላል፣ ምክንያቱም አሁን የሚደበቀው በረገፈ ቅጠል መሐል ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ ብትወስጃት ኖሮ ይህን መልኩን አታየውም ነበር። ሥዕሉ ላይ ቀኑን ትጻፍበትና ክረምት ላይ እንደገና ትሳለው።

ባለ ሎሚው ጓሮ

እጩ በረንዳ ላይ ይደር፣ ነፋስ የማያገኘው ጥግ። ቤት ውስጥ ምድጃና ጭስ አለ። መብላት አቁሞ ወገቡን በክር ታጥቆ ቅርንጫፉ ላይ ከቆመ ሙሽሬ ሊሆን ነው፣ ያኔ አትንኩት። ብርድ ስለሆነ ከሁለት ሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ሞተ ብላችሁ እንዳትጥሉት። ሊወጣ ሲል የክንፉ ቀለም በቅርፊቱ አልፎ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ነው የሚወጣው፣ ያን ቀን ቶሎ ቀስቅሻት።