አጥሩ ቪዲዮው ላይ እንዳይታይ ተባልኩ፤ ይሄ አደን ነው?

ካሜራ ያዡ (ዳላስ)

ሰላም ወገኖች። እኔ አዳኝ አይደለሁም። ሥራዬ ሠርግና ክርስትና መቅረጽ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ግን ሌላ ነገር መፈለግ ግድ ነው። አንድ ጓደኛዬ ለዩቲዩብ የአደን ቪዲዮ ከሚያዘጋጁ ሰዎች ጋር አገናኘኝ። ቦታው ሂል ካንትሪ የሚባለው የቴክሳስ ኮረብታማ አካባቢ ያለ የግል ራንች (ሰፊ የእንስሳት እርባታ መሬት) ነው። ክፍያው አሪፍ ነው፣ ያየሁት ነገር ግን አልተዋጠልኝም። እዚህ የሚያድን ሰው እንዳለ ስለማውቅ ልጠይቅ።

ራንቹ ዙሪያውን ከሰው ቁመት በላይ በሆነ የሽቦ አጥር ታጥሯል። እንግዳው ገና ሳይመጣ የሚገድለውን እንስሳ በፎቶ መርጧል፣ ቀንዱ ወደ ኋላ የታጠፈ ነጭ ኦሪክስ የሚባል አጋዘን መሰል እንስሳ። ዋጋው እንደ ቀንዱ ርዝመት ነው። ሜዳው ላይ በሰዓቱ በቆሎ የሚበትን በርሜል ተተክሏል። የአደን መሪው ሰዓቱን አየና "አሁን ይመጣሉ" አለ፣ መጡም። ሰውየው መደበቂያ ቤቷ ውስጥ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ተኮሰ። አለቀ።

እኔን የገረመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እንስሳው ከሞተ በኋላ ሰውየው ቁጥቋጦ ውስጥ ሲያደባ፣ ጎንበስ ብሎ ዳና ሲያይ፣ ላቡን ሲጠርግ ቀረጽን። አዘጋጁ ደግሞ "አደራ፣ አጥሩ ፍሬም ውስጥ እንዳይገባ" አለኝ። ቪዲዮው ሲወጣ ለቀናት በረሃ ለበረሃ የተንከራተተ ሰው ነው የሚመስለው።

ሕገወጥ ነገር የለውም አሉኝ፣ እሺ። ግን አዳኞች ራሳቸው ይሄን አደን ይሉታል? ድጋሚ ጠርተውኛል፣ ምን ልበላቸው?

ቦዝማን ነኝ (ሞንታና)

ወንድሜ፣ ሕጋዊ ነው፣ አደን ግን አይደለም። እኛ ሰፈር እንዲህ አድርጎ አደንኩ የሚል ሰው ይሳቅበታል።

ቡን ኤንድ ክሮኬት የሚባል ክለብ አለ፣ ቴዎዶር ሩዝቬልት ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት በ1887 ያቋቋመው። ፌር ቼዝ (ፍትሐዊ አደን) የሚሉትን ነገር በደንብ የጻፉት እነሱ ናቸው። እንስሳው ዱር ያደገና እንደ ልቡ የሚሄድ መሆን አለበት፣ አዳኙም ያልተገባ ብልጫ ሊወስድበት አይገባም። አጥር ውስጥ ተይዞ ማምለጫ የሌለውን እንስሳ መዝገባቸው ላይ አያሰፍሩም። (መዝገቡ ለሰሜን አሜሪካ አገር በቀል እንስሳት ስለሆነ ያንተ ኦሪክስ ቀድሞም አይገባም፣ ሐሳቡን ነው የምልህ።) በድሮን ፈልገህ ካገኘኸው፣ ወይም ጓደኛህ ማዶ ተራራ ላይ ሆኖ በሬዲዮ "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ" እያለ ከመራህም አይቀበሉህም።

ሕግ የሆነበትም ቦታ አለ። እዚህ ሞንታና በ2000 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አጥር ውስጥ በክፍያ ማስተኮስን ከልክሏል። አላስካ ውስጥ በትንሽ አውሮፕላን በበረርክበት ቀን አብዛኞቹን ትላልቅ እንስሳት መተኮስ አትችልም፣ በማግስቱ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስኪሆን ትጠብቃለህ። ከላይ አይተኸው አጠገቡ አርፈህ እንዳትገድለው ነው። አሪዞና ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ለአደን ብሎ ካሜራ ተክሎ እንስሳ መከታተልን ከልክላለች። ደረቅ አገር ነው፣ እንስሳው የግድ ውኃ ጋ ይመጣል፣ ያለዚያ ኩሬው ላይ ካሜራ ደርድረህ ፎቶው ስልክህ ላይ እየገባልህ ሶፋህ ላይ ተቀምጠህ ትጠብቀዋለህ ማለት ነው።

ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ እንስሳው ማምለጥ ይችል ነበር? አዳኙስ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችል ነበር? ያንተ ሰውዬ ባዶ እጁን የሚመለስበት መንገድ አልነበረም። በግ ተራ ሄዶ መርጦ እንደማሳረድ ነው፣ እዚያ እንኳ ቢያንስ ክርክር አለ 😄

ማሂ ዲሲ

እኔ ደግሞ ይሄ "በሥነ ምግባር መግደል" የሚባለው ነገር ነው የማይገባኝ። አጥር ስለሌለ ብቻ ፌር ይሆናል?

ሴሲልን አስታውሱ። 2015፣ ዚምባብዌ፣ ሁዋንጌ ፓርክ። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንገቱ ላይ መከታተያ አስረውለት የሚያጠኑት አንበሳ ነበር። ከፓርኩ ውጭ በሥጋ አባብለው አመጡት፣ አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም በቀስት ወጋው፣ ወዲያው እንኳ አልሞተም፣ ለሰዓታት ቆስሎ ቆይቶ ነው የጨረሱት። አጥር የለም። ባለሙያ መሪ አለ። ገንዘቡ ተከፍሏል። መሪው ተከሶ ነበር፣ ክሱ በኋላ ውድቅ ሆነ። እና ይሄ በእናንተ መስፈርት ስንት ያገኛል?

ቦዝማን ነኝ

ማሂ፣ ሴሲልን ማንም ቁም ነገረኛ አዳኝ አይከላከልም። ግን አንዱ መጥፎ ስለሠራ ሁሉም አንድ ነው ማለት አይደለም። ሩዝቬልት ራሱ በ1902 ሚሲሲፒ ላይ ድብ አጥቶ ሲንከራተት፣ መሪው ሆልት ኮሊየር ድቡን ይዞ ዛፍ ላይ አሰረለት። ኮሊየር በባርነት ተወልዶ በድብ አደን ስሙ የገነነ ሰው ነው። ጋዜጠኞች በቅርብ እየተከታተሉ ነበር፣ ፕሬዚዳንቱ ባዶ እጁን ቢመለስ መሳቂያ መሆኑ ነው። እንዲያም ሆኖ የታሰረ አልተኩስም አለ። ዋሽንግተን ፖስት ላይ ካርቱን ወጣ፣ ቴዲ ቤር የሚባለው የሕፃናት አሻንጉሊት ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ማሂ ዲሲ

አዎ፣ ድቡ ግን አልዳነም። ተጎድቶ ስለነበር በቢላዋ እንዲጨርሱት ያዘዘው ራሱ ሩዝቬልት ነው። ይሄኛውን አሻንጉሊቱ ላይ አይጽፉትም።

የራንች ልጅ (ሳን አንቶኒዮ)

ቴክሳስን አትስደቡብኝ 😅 እኔ ራንች ላይ እሠራለሁ፣ አጥርም እጠግናለሁ፣ በርሜሉንም እሞላለሁ።

አንደኛ፣ እዚህ አገሩ ከሞላ ጎደል የግል መሬት ነው። እንደ ሞንታና የመንግሥት ተራራ የለም። በግል መሬት ላይ በቆሎ በትኖ አጋዘን መጠበቅ ከድሮም ያለና የተፈቀደ ነገር ነው። ደግሞ አጥር ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ከሰፈር ሜዳ አይበልጥም፣ ሌላው ጋ ቀኑን ሙሉ በመኪና ብትዞር ከአጥሩ አትደርስም።

ስለዚያ ነጭ ኦሪክስም ልንገራችሁ። የሰሃራ እንስሳ ነው። በ2000 ከዱር ጠፍቷል ተባለ። ያኔ የት ነበር? መካነ እንስሳትና እንደኛ ዓይነት ራንች ውስጥ፣ ቴክሳስ ላይ ብቻ በሺዎች። ከ2016 ጀምሮ አቡዳቢ ካሰባሰበችው መንጋ እየተወሰደ ቻድ ውስጥ ወደ ዱር መልሰውታል፣ በ2023 "ከዱር የጠፋ" ከሚለው ዝርዝር ወጥቷል። እንስሳው ዋጋ ባይኖረው የራንች ባለቤት ለምን ብሎ መኖ ያበላዋል? ይሄን የምለው አጥር ያየ ሁሉ ወንጀል ያየ ስለሚመስለው ነው።

ግን አንድ ነገር ላይ ከቦዝማን ጋር ነኝ። እኛ ለደንበኛው አንዋሽም። ምን እንደሚገዛ ያውቃል። ውሸቱ የሚፈጠረው ካሜራው ላይ ነው። ከብት እርባታ ነው ብለህ አሳየው፣ ማን ይከለክልሃል? ያኔ ግን የጠመንጃና የቦት ጫማ ስፖንሰር አይመጣም።

የጎባ ልጅ (ሚኒያፖሊስ)

እኔ ከአገር ሳልወጣ ባሌ ውስጥ አደን ካምፕ ላይ ሠርቻለሁ። ውኃ ቀጂ ሆኜ ጀምሬ በኋላ አብሬ መውጣት ጀመርኩ። ስለ አጥሩ ብዙ ተባለ፣ እኔ ስለ መሪው ልናገር።

የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። የሚታደነው ከፓርኩ ውጭ በተከለለ የአደን ቀጠና፣ በኮታ፣ ያረጀ ወንድ ተመርጦ ነው። የመንግሥት ተቆጣጣሪ አብሮ ይወጣል። አጥር የሚባል ነገር የለም። አስታው (የደጋው ቁጥቋጦ) ውስጥ አንዴ ከገባ እጅህን ዘርግተህ የምትነካው ርቀት ላይ ቢቆም እንኳ አታየውም። ጭጋግ ሲወርድማ በቃ፣ ወደ ካምፕ ነው። ከዚህ የበለጠ እኩል ሜዳ አላውቅም።

ግን እንግዳው ብዙ አሥር ሺህ ዶላር ከፍሎ፣ ግማሽ ዓለም አቋርጦ መጥቷል። ቀኑ ሊያልቅ ነው። ካሜራ ይዞ የመጣ ሰውም አለ። የመሪው ጉርሻ የሚያምረው ግዳይ ከተጣለ ነው። ያኔ ቀንዱ ያልደረሰው "ደርሷል" መባል ይጀምራል፣ የማይተኮስበት ርቀት "ይደረስበታል" ይባላል። ማንም ሕግ ልጣስ ብሎ አይነሳም፣ ቀስ በቀስ ነው የሚመጣው።

አንድ ጋሼ የምንላቸው ዳና ተከታይ ነበሩ። እንግዳው አነጣጥሮ፣ ካሜራው እየሠራ፣ አጋዘኑ ገና ጎረምሳ መሆኑን አዩና የጠመንጃውን አፈሙዝ በእጃቸው ዝቅ አደረጉት። ፈረንጁ ተናደደ፣ ማታ እራት ላይም አላናገራቸውም። ጉርሻቸውም ምን እንደሆነ ገምቱ። ለእኔ ፌር ቼዝ ማለት የእሳቸው እጅ ነው፣ የቀረው ወረቀት ነው።

አያቶቻችንም ግዳይ ጥለው ፎክረዋል። ግን የሚፎክሩት አብሯቸው የወጣ ሰው ፊት ነው፣ ብታጋንን ይስቁብሃል። ዩቲዩብ ላይ አብሮት የወጣው ካሜራ ያዡ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ተከፍሎታል። ይቅርታ ወንድሜ፣ አንተን ለመንካት አይደለም።

ካሜራ ያዡ

ኧረ ምንም አይደል፣ ነክተኸኛል ግን እውነት ነው 😄

የጎባው ልጅ ስለ ካሜራው ያልከውን ልጨምርበት፣ ይሄ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሕጉ አጋዘንን ፀሐይ ከገባች በኋላም ለግማሽ ሰዓት መተኮስ ይፈቅዳል። የእኔ ካሜራ ግን በዚያ ሰዓት ጥቁር ነገር ነው የሚያሳየው። ስለዚህ አዘጋጁ ብርሃን ሳይሄድ ቶሎ በል እያለ ሰውየውን ያጣድፈዋል። የተገላቢጦሹም አለ፦ እንስሳው ጎኑን ሰጥቶ ጥሩ ቆሞ እያለ፣ እኔ ፎከስ አስተካክዬ "ያዝኩት" እስክል አይተኮስም። እስከዚያ እንስሳው ይዞራል፣ ይንቀሳቀሳል፣ የሚመታውም መጥፎ ቦታ ላይ ነው። እንደዚያ ሆኖ ሆዱ ላይ የተመታ አይቻለሁ። እሱ ቪዲዮው ላይ የለም፣ ተቆርጧል። የሚታየው በአንድ ጥይት የወደቀው ብቻ ነው።

ቦዝማን ነኝ

ይሄ የመጨረሻው ከአጥሩም ይብሳል። አንድ ጀማሪ ልጅ ያን ቪዲዮ አይቶ ሁሌም እንደዚያ ይመስለዋል፣ የቆሰለ እንስሳ እስከ ማታ ዳናውን ተከትሎ መፈለግ ግዴታ መሆኑን የሚያስተምረው የለም። አደኑን በሩቅ የመተኮስ ውድድር የሚያስመስሉትም እንደዚያው ናቸው።

ድጋሚ ከሄድክ በጽሑፍ ጠይቃቸው። ቦታው የታጠረ ራንች መሆኑ ቪዲዮው መግቢያ ላይ ይጻፍ። ከሞተ በኋላ የተቀረጸ ድራማ እንደ እውነተኛ ፍለጋ አይቀርብ። የቆሰለ ካለ ፍለጋውም ይግባ። እምቢ ካሉ ስምህ እንዳይጠቀስ በል። ያልተቆረጠውን ቅጂህን ደግሞ እንዳታጠፋ። ሌሲ አክት የሚባል ከ1900 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ አለ፣ በሕገወጥ መንገድ የተገደለን እንስሳ ከስቴት ወደ ስቴት ማጓጓዝ ያስከስሳል። የቴሌቪዥን አዳኞች በዚህ ተከስሰው ያውቃሉ። ነገር ቢመጣ ማን ምን እንዳለ የሚያሳየው ያንተ ቅጂ ነው።

ማሂ ዲሲ

እኔ አሁንም አልተዋጠልኝም፣ ግን እሺ፣ ቢያንስ አይዋሹ። ለመሆኑ ሥጋውስ የት ሄደ?

ካሜራ ያዡ

አብዛኛው ለራንቹ ሠራተኞች። ለእኔም ሰጥተውኝ ነበር፣ ቤት ሳመጣው ባለቤቴ "ማን ባረከው?" ብላ በሩ ላይ አስቆመችኝ።

የጎባ ልጅ

ልክ ናት 😂 ዋላና ሚዳቋ በኦሪት ዘዳግም 14 ከሚበሉት ተቆጥረዋል፣ ግን በጥይት ወድቆ ማን በስመ አብ እንዳለው ካልታወቀ እናቴም አትነካውም ነበር። ካምፕ ውስጥ ለዚህ ነው ወዲያው ቢላዋ የሚሮጠው።

ካሜራ ያዡ

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። ቦዝማን ያልከውን ጽፌ ላክሁላቸው። መልሳቸው መጣ፦ ርዕሱን የሚወስነው ስፖንሰሩ ነው፣ መግቢያው ላይ ራንች የሚል ቃል ካለ ሰው አይከፍተውም አሉ። ስለዚህ እምቢ ብያለሁ። ባዶ እጅ መመለስም የሚያጋጥምበት እውነተኛ የዱር አደን መቅረጽ የሚፈልግ ሰው የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሌንሱም ትሪፖዱም የራሴ ነው።